ሱፐርኮንዳክተር ሲቀጥን ለምን ይዘጋል?

መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመቱ የፊዚክስ ኖቤል ለጆን ክላርክ፣ ለሚሼል ዴቮሬ እና ለጆን ማርቲኒስ መሰጠቱ ተነገረ። ሦስቱ ሥራውን የሠሩት ከ40 ዓመት በፊት ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ነው። በእጅ ሊያዝ በሚችል የሱፐርኮንዳክተር ሰርኪት ውስጥ፣ አቶምና ኤሌክትሮን የሚመሩበት የኳንተም ሕግ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ አሳዩ። ሱፐርኮንዳክተር ማለት በጣም ሲቀዘቅዝ ከረንትን ያለ ምንም ተቃውሞ፣ ማለትም ያለ ሬዚስታንስ፣ የሚያሳልፍ ቁስ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ኪሎ ከፊዚክስ ተማሪዎች ጋር ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ወሬው ወደ ሱፐርኮንዳክተር ይዞራል። ደስ ይላል።

ቶሎ የሚነሳው የመብራት ጉዳይ ነው። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ወደ መሃል አገር የሚመጣው በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው። መንገድ ላይ ግን የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ታዲያ ገመዱ ሱፐርኮንዳክተር ቢሆን ምንም አይባክንም ነበር አይደል?» ይላል አንዱ። ልክ ነው። ሌላው ይቀጥላል፦ «ሬዚስታንሱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ገመዱ መወፈሩ ለምን ያስፈልጋል? እንደ ፀጉር ቢቀጥንስ ምን ይሆናል?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ተራ ይመስላል እንጂ ተራ አይደለም። ፊዚክስን ከ50 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነገር ውስጡ አለ።

ቀላሉን መልስ አስቀድሜ ልበል። ሱፐርኮንዳክተርም ቢሆን የሚሸከመው ከረንት ገደብ አለው። ከገደቡ ካለፈ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይጠፋል። ገመዱ በቀጠነ ቁጥር የሚሸከመው ያንሳል፤ ስለዚህ የአንድ ከተማ መብራት በፀጉር አይመጣም። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው አለ። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ገመዱ መሬት ውስጥ ሲገባ አይተናል። ጀርመን ውስጥ ኤሰን በምትባል ከተማ መሬት ውስጥ የተቀበረ የሱፐርኮንዳክተር ገመድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ጀምሮ ነበር። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም እስከ መጨረሻው በፈሳሽ ናይትሮጅን እየቀዘቀዘ። ከጉባ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ደግሞ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ነው።

ከባዱ መልስ ሌላ ነው። ሱፐርኮንዳክተር ሽቦ እየቀጠነ ሄዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ሲደርስ፣ ምንም ብናቀዘቅዘው ሱፐርኮንዳክተር የማይሆንበት ቦታ ላይ ይደርሳል። ወደ ተራ ብረት ተመልሶም አይቆምም። ጭራሽ በቀዘቀዘ ቁጥር ከረንት አላሳልፍም ይላል። ኢንሱሌተር ይሆናል። ሬዚስታንስ የሚባል ነገር ያልነበረው ሽቦ ጥቂት የአቶም ደርብ ስለተቀነሰለት ብቻ በሩን ይዘጋል። ለምን?

መዳብ እንዲህ አያደርግም

ፒያሳ ወይም መርካቶ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብታችሁ ገመድ ስትጠይቁ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ቁጥር?» ብሎ ነው። ለአምፖል 1.5 ይበቃል። ለሶኬት 2.5 ይሰጣችኋል። ለምጣድ ከዚያም የሚወፍር ውሰዱ ይላችኋል። ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ መቶ ሜትር የ2.5 መዳብ ሬዚስታንሱ 0.67 ኦም ገደማ ነው። የ1.5ቱ 1.12 ኦም ይሆናል። ቀጠነ፣ ሬዚስታንሱ ጨመረ፤ በቃ። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ ከቆጣሪው 20 ሜትር ርቆ በ2.5 ገመድ ቢሠራ፣ 70 ዋት ገደማ ገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ወፍራሙን ውሰዱ የሚለው ለዚህ ነው፤ ይህን ስሌት ባይሠራውም ግድግዳ ውስጥ የነደደ ገመድ አይቶ ያውቃል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። መዳብ ሲቀጥን የሚለወጠው መጠኑ ነው። ጠባዩ ያው ነው። ሱፐርኮንዳክተር ላይ ግን ጠባዩ ራሱ ይለወጣል። ይህን ለመረዳት ዜሮ ሬዚስታንስ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንድ፣ ላይደን ውስጥ ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም ሲያቀዘቅዝ፣ 4.2 ኬልቪን ገደማ ላይ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋ። 4.2 ኬልቪን ማለት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። «ጠፋ» ስል ማነሱን ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ ልኬት እንዳሳየው፣ በሱፐርኮንዳክተር ጥቅል ውስጥ የተለቀቀ ከረንት ያለ ምንም ባትሪ ከ100,000 ዓመት በላይ ሊዞር ይችላል። ይህን ቁጥር ባነበብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ምክንያቱ እስኪገኝ 46 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1957 ባርዲን፣ ኩፐር እና ሽሪፈር አስረዱት። ኤሌክትሮኖች ሁሉም ኔጌቲቭ ናቸውና መገፋፋት አለባቸው። ብረት ውስጥ ግን አንዱ ሲያልፍ በዙሪያው ያሉትን ፖዘቲቭ አዮኖች ትንሽ ወደራሱ ይስባቸዋል። አዮኖቹ ከባድ ስለሆኑ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ቀስ ብለው ነው። እነሱ እስኪመለሱ እዚያ ቦታ ላይ የፖዘቲቭ ክምችት ይቆያል፤ ሌላ ኤሌክትሮን ይስባል። ሁለቱ በዚህ መንገድ ይጣመራሉ። ጥንዶቹ የኩፐር ጥንዶች ይባላሉ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ በጥንዶቹ። እኔ ግን የሚቀጥለው ይበልጣል ባይ ነኝ። ጥንድ መኖሩ ብቻውን ሬዚስታንስ አያጠፋም። የሚያጠፋው ጥንዶቹ በሙሉ አንድ ሞገድ ውስጥ መግባታቸው ነው። ሞገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአንድ ቦታ ላይ ሞገዱ ዑደቱ ውስጥ የት ጋ እንደደረሰ የሚናገረው ቁጥር ፌዝ ይባላል። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥንዶች በአንድ ፌዝ ይስማማሉ። አንዱን ብቻ ነጥሎ መንገድ ማሳት አይቻልም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ማሳት ያስፈልጋል። ሬዚስታንስ የሚጠፋው በዚህ ስምምነት ነው።

ጥምዙ ሲያመልጥ

አሁን ቀጭኑ ሽቦ ላይ እንድረስ። በሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ፣ ፌዙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ቀስ እያለ ይዞራል። ብዙ ከረንት ማለት ብዙ ዙር ማለት ነው።

በእንዝርት የተፈተለ ክር አስቡ። ሁለት ጫፉ ተይዟል፤ ከሯል። የክሩ ክረት ከረንቱ ነው። ጫፎቹ እስከተያዙ ድረስ ክረቱ የትም አይሄድም። አንድ ጥምዝ ብቻ ለማላላት ያለው መንገድ አንድ ነው፦ መሃል ላይ አንድ ቦታ ክሩ ለቅጽበት መለያየት፣ አንድ ዙር መመለስ፣ መልሶ መያያዝ አለበት። ክሩ ወፍራም ከሆነ በዚያ ቦታ ያለው የጥጥ ጭረት ሁሉ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ስላለበት ይህ አይሆንም። ነጠላ ጭረት ያህል ቀጭን ከሆነ ግን በትንሹ ይሆናል። (ከመጠን በላይ ካከረርነው ደግሞ ይበጠሳል፤ ቅድም የከረንት ገደብ ያልኩት ይኸው ነው።)

ሽቦው ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ለቅጽበት ይጠፋል። ፌዙ አንድ ሙሉ ዙር ይዘልላል። ከዚያ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይመለሳል። ይህ የፌዝ መንሸራተት ይባላል። እያንዳንዱ መንሸራተት በሽቦው ጫፎች መካከል አጭር የቮልቴጅ ምት ይፈጥራል። ቮልቴጅ ካለ ደግሞ ሬዚስታንስ አለ ማለት ነው። ዜሮው ዜሮ መሆኑ ቀረ።

ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ጉልበት ከሽቦው ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። ወፍራም ሽቦ ላይ ጉልበቱ በጣም ትልቅ ነው፤ የዓለም ዕድሜ ቢጠበቅ አንዴ አይከሰትም። ወደ 10 ናኖ ሜትር ስንወርድ ግን ነገሩ ይቀየራል። አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ አሥሩ ክፍል ብቻ ሲወሰድ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ በግልጽ ያነሳው ዊሊያም ሊትል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967። በዚያው ዓመት ላንገር እና አምቤጋኦካር ሒሳቡን ሠሩ። በ1970 ማካምበር እና ሃልፐሪን ጨረሱት። በሒሳባቸው ጉልበቱን የሚሰጠው ሙቀት ነው። እንደ ፀጉር የበቀሉ ቀጫጭን የቲን ክሪስታሎች ላይ ሲለካ በጣም ተስማማ። ሽቦው ሱፐርኮንዳክተር ከሚሆንበት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ሲል ሬዚስታንሱ አይጠፋም፤ ግን በፍጥነት፣ በጣም በፍጥነት ይወርዳል። በቀዘቀዘ ቁጥር መንሸራተቱ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም አይጨነቅም ነበር። ሙቀት ካስቸገረ ማቀዝቀዝ ነው። ዜሮ ኬልቪን አጠገብ ሁሉም ሽቦ ደህና ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 ግን ኒኮላስ ጆርዳኖ ቀጭን የኢንዲየም ሽቦዎችን ለክቶ ሬዚስታንሱ እንደተጠበቀው እንደማይወርድ አየ። ከተወሰነ ሙቀት በታች መውረዱን ያቀዘቅዛል፤ ጅራት ያወጣል። ሙቀቱ አልቆ እንኳን መንሸራተት ቀጥሏል። ጉልበቱ ከየት መጣ? ጆርዳኖ ያቀረበው ማብራሪያ ጉልበት አላስፈለገም የሚል ነው። በኳንተም ሕግ አንድ ነገር ኮረብታውን ሳይወጣ ወደ ማዶ ሊሾልክ ይችላል። ፌዙም ሾለከ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ኖቤል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክላርክ፣ ዴቮሬ እና ማርቲኒስ በአንድ ሰርኪት ውስጥ ፌዝ ሲሾልክ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ነው፤ ሙቀቱ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የመሹለኩ ፍጥነት ሙቀትን መከተል አቆመ። ቀጭን ሽቦ ውስጥ የሚሆነው የዚህ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ መሹለኩ በሽቦው ርዝመት ላይ የትም ቦታ ሊከሰት መቻሉ ነው።

የጆርዳኖን ውጤት ብዙዎች ተጠራጠሩት። ትክክልም ነበሩ። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይበልጥ ቀጭን ቢሆን፣ ወይም በትንንሽ ቁርጥራጮች የተያያዘ ቢሆን ተመሳሳይ ጅራት ሊያወጣ ይችላል። የሚያስፈልገው ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ሽቦ ነበር። ያንን መሥራት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

የካርቦን ቱቦው ላይ የተጋገረው ሽቦ

እ.ኤ.አ. በ2000 ሃርቫርድ ውስጥ ቤዝርያዲን፣ ላው እና ቲንክሃም ያሳተሙትን ሙከራ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው፤ ብልሃቱ ያስቀናል። ሲሊኮን ቁራጭ ላይ ጠባብ ቦይ ይቆፍራሉ። ካርቦን ናኖ ቱቦ ያለበትን ፈሳሽ ከላይ ያንጠባጥባሉ። ከቱቦዎቹ አንዳንዱ በዕድል ቦዩን ተሻግሮ ይጋደማል። ቀጥሎ ሞሊብደነም እና ጀርማኒየም የተቀላቀለበትን ብረት ከላይ ይረጩበታል፤ ጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ብቻ። ቦዩ ዳር ላይ ያረፈው ብረት መገናኛ ይሆናል። ቱቦው ላይ ያረፈው ደግሞ ሽቦ። ስፋቱ 10 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም በታች። ከሥሩ አየር ብቻ ነው ያለው። ይህ ቅይጥ ክሪስታል አይሠራም፤ አቶሞቹ እንደ መስታወት ዝብርቅርቅ ናቸው። ስለዚህ ቁርጥራጭ አይፈጥርም፤ ሽቦው ከጫፍ ጫፍ አንድ ወጥ ይሆናል።

ከዚያ አቀዘቀዟቸው። ሽቦዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። የአንዱ ወገን ሬዚስታንስ እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ ሱፐርኮንዳክተር ሆኑ። የሌላው ወገን ግን ወደ ላይ ወጣ። በቀዘቀዘ ቁጥር ይብሳል። ቅይጡ ያው ነው፣ አሠራሩ ያው ነው። የሚለዩት ገና ሳይቀዘቅዙ በነበራቸው ሬዚስታንስ ነው። ድንበሩ 6.45 ኪሎ ኦም አጠገብ ወደቀ።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የፕላንክን ቋሚ ቁጥር የጥንዱ ቻርጅ ራሱን በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ብናካፍለው የሚመጣው 6,453 ኦም ነው። ውስጡ ሞሊብደነምም የለ፣ ሙቀትም የለ። የተፈጥሮ ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ብቻ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1989 ሃቪላንድ፣ ሊው እና ጎልድማን በጣም ስስ የቢስመዝ ንጣፎችን ሲለኩ ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ነበር፦ ንጣፉ ትንሽ ሲወፍር ሱፐርኮንዳክተር፣ ትንሽ ሲሳሳ ኢንሱሌተር፣ መሃሉ ላይ 6.5 ኪሎ ኦም ገደማ። ሁለት የተለያየ ቅርጽ፣ ሁለት የተለያየ ብረት፣ አንድ አካባቢ የሚያርፍ ቁጥር። ሰው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ስምምነቱ ፈረሰ እንበል። ታዲያ ለምን ተራ ብረት ሆኖ አይቀርም? ለምን ይዘጋል?

መልሱ ያለው በኳንተም ሕግ አንድ ግትር ደንብ ላይ ነው። የፌዙ ልክ እና የጥንዶቹ ብዛት ሁለቱም በአንድ ጊዜ በትክክል አይታወቁም። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ፌዙ የጠራ ነው። ስለዚህ በሽቦው አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ጥንድ እንዳለ በውል አይታወቅም፤ ጥንዶቹ እንዳሻቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ከረንት የሚያልፈውም ለዚህ ነው። መንሸራተቱ ሲበዛ ግን ፌዙ ይደበዝዛል። ያኔ በግድ ብዛቱ ይጠራል። በየክፍሉ ያለው የጥንድ ቁጥር ይቆረጣል። ቁጥር ተቆረጠ ማለት ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም ማለት ነው። አንድ ጥንድ ወደ ጎረቤት ልለፍ ቢል እዚያ ያለው ቻርጅ ይገፋዋል፤ ያንን ገፍቶ ለማለፍ ጉልበት ያስፈልገዋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጉልበት የለም። ቆመ።

ስለዚህ ጥንዶቹ የግድ መፍረስ የለባቸውም። እዚያው ቁጭ ብለው መንቀሳቀስ ብቻ ያቅታቸዋል። እኔ በበኩሌ የዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ ይህ ነው እላለሁ። አንዱ ሁኔታ የሌላው መስታወት ነው፤ ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ጥንዶች ይፈስሳሉ፣ መንሸራተቶች ይታፈናሉ። ኢንሱሌተሩ ውስጥ መንሸራተቶች ይፈስሳሉ፣ ጥንዶች ይታፈናሉ።

ጭቅጭቁ

ይህን ያህል ካማረ ለምን አላለቀም? መለካቱ ከባድ ስለሆነ፣ እና ሌላም ተከራካሪ ስላለ ነው።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ድንበሩን የሚወስነው ምንድን ነው የሚለው ነው። የሽቦው ጠቅላላ ሬዚስታንስ ነው ወይስ ቅጥነቱ? እ.ኤ.አ. በ2001 ላው እና ባልደረቦቿ ረዘም ያሉ ሽቦዎችን ጨምረው ሲለኩ፣ ጠባዩን የሚወስነው የሽቦው ስፋት ሆኖ ታየ። ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ከ6.45 ኪሎ ኦም በላይ የሆነ ረጅም ሽቦም ወፈር እስካለ ሱፐርኮንዳክተር ሊሆን ይችላል። በኋላ የቤዝርያዲን ቡድን ደግሞ በጣም አጫጭሮቹ ሽቦዎች ላይ ያ ቁጥር እንደገና ድንበር መሆኑን አሳየ። ለእኔ ይህ መጋጨት አይመስለኝም። አጭር ሽቦ እንደ አንድ ነጥብ ነው የሚሠራው፤ የሚያየው ዙሪያውን ነው። ረጅም ሽቦ ግን እያንዳንዱ ቁራጩ ለራሱ ያድራል።

ሁለተኛው ይበልጥ መሠረታዊ ነው። ሽቦው ሲቀጥን እና አቶሞቹ ሲዘበራረቁ ኤሌክትሮኖቹ ዝግ ይላሉ። ዝግ ሲሉ እርስ በርስ መገፋፋታቸውን መሸፈን ያቅታቸዋል። መገፋፋቱ ሲበረታ ደግሞ መጣመሩ ይላላል። ኦሬግ እና ፊንከልስታይን እ.ኤ.አ. በ1999 ለሽቦዎች ይህን አስልተው ነበር፤ ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት እየወረደ ሄዶ ዜሮ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ከሄድን የሚጠፋው ስምምነቱ ሳይሆን ጥንዱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዩታ የሮጋቼቭ ቡድን ያሳተመው ሥራ ይህን ወገን አጠናክሯል። እነዚያኑ የሞሊብደነም ጀርማኒየም ሽቦዎች በማግኔት መስክ ውስጥ አስገብተው ሱፐርኮንዳክተርነታቸው ሲጠፋ ተከታተሉ። ውጤቱ ጥንዶች በመፍረሳቸው ከሚመጣ ለውጥ ስሌት ጋር ገጠመ።

አንባቢ «ታዲያ የትኛው ነው?» ቢል፣ የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ሱፐርኮንዳክተር የሚሞትበት መንገድ ሁለት ነው፤ ጥንዱን በማጣት እና ስምምነቱን በማጣት። የትኛው ይቀድማል የሚለው በሽቦው ይወሰናል። እንደ ሞሊብደነም ጀርማኒየም ባለ ቅይጥ ላይ የጥንዱ መላላት ብዙውን ሥራ የሚሠራ ይመስለኛል። ሬዚስታንሳቸው በጣም ትልቅ በሆኑ እንደ ኢንዲየም ኦክሳይድ ባሉት ላይ ደግሞ ጥንዶቹ እያሉ ስምምነቱ የሚፈርስበት ታሪክ ይበልጥ ያሳምነኛል። አንድ ነገር ግን መሸፋፈን አልፈልግም፦ በአጫጭሮቹ ሽቦዎች ላይ ኢንሱሌተር የሚባለው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል እንጂ ሰማይ አይነካም። ቮልቴጁ ከፍ ሲል መልሶ ይለቃል። ቻርጅ ቻርጅን ስለገፋ የተፈጠረ ጊዜያዊ መዘጋት ነው ብለው የተረጎሙትም አሉ።

ምን ያደርግልናል?

መሃል አዲስ አበባ ባሉ የምርመራ ማዕከላት ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ከሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ጎን ተኝቷል። የማሽኑ ትልቅ ማግኔት ብዙውን ጊዜ ከኒዮቢየም እና ታይታኒየም ቅይጥ የተጠቀለለ ነው፤ በፈሳሽ ሂሊየም 4.2 ኬልቪን ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ውስጥ ያሉት ጭረቶች በማይክሮ ሜትር የሚለኩ ናቸው። መንሸራተት ከሚያሰጋው ልክ በሺህ እጥፍ ስለሚወፍሩ ሥጋት የለም። ለህዳሴ መስመርም ቢሆን ይህ ችግር አይደርስም። ስለዚህ ያ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ ከመብራት ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል፤ ወደ ቺፕ።

ቀጫጭን የሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ቺፕ ላይ ሥራ ይዟል። አንድ ነጠላ የብርሃን ቅንጣት የሚለዩ አንዳንድ መሣሪያዎች የተሠሩት ከ5 ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት እና ከ100 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው የኒዮቢየም ናይትራይድ ሽቦ ነው። ሞስኮ ውስጥ የጎልትስማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳየው ነው። ብርሃኑ ሽቦውን ሲመታ ሱፐርኮንዳክተርነቱ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል፤ የቮልቴጅ ምት ይወጣል። እዚያ ላይ ያለ ብርሃን የሚመጣ መንሸራተት የሐሰት ጥሪ ይሆናል። መሐንዲሱ ይህን ፊዚክስ ያለ ውዴታው ይማረዋል።

እኔን የሚማርከኝ ግን መንሸራተቱን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ መሣሪያ መያዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞይ እና ናዛሮቭ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከረንት ያለ ቮልቴጅ የሚያሳልፍ የጆሴፍሰን መገጣጠሚያ (ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች በስስ ኢንሱሌተር ተለያይተው የሚገናኙበት) ካለ፣ መንሸራተት የበዛበት ቀጭን ሽቦ ደግሞ የእሱ ግልባጭ ይሆናል አሉ። ቮልቴጅ ይሸከማል፣ ከረንት አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 አስታፊየቭ እና ባልደረቦቹ በኢንዲየም ኦክሳይድ ቀለበት ላይ መንሸራተቱ ዝርክርክ አለመሆኑን፣ ሥርዓት ያለው የኳንተም ሁነት መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በኒዮቢየም ናይትራይድ ሽቦ ላይ የከረንት ደረጃዎች ታዩ። ሽቦው ላይ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅ በእያንዳንዱ ዑደት አንድ ጥንድ ብቻ ያልፋል። ዑደቱ በሰከንድ 10 ቢሊዮን ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ 3.2 ናኖ አምፔር ይሆናል። ይህ የሚሰላው በኤሌክትሮን ቻርጅ እና በሰዓት ብቻ ነው።

ለልኬት ሳይንስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቮልት የሚለካው በጆሴፍሰን መገጣጠሚያ ነው። ኦም ደግሞ ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ባገኘው የኳንተም ሆል ክስተት። አምፔር ግን እስካሁን እንደ ሁለቱ በቀጥታ እና በቀላሉ የሚለካበት መሣሪያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በኤሌክትሮን ቻርጅ ተተርጉሞ ሥራ ላይ ውሏል፣ ትርጉሙን በተግባር ማውጣቱ ነው የሚከብደው። ቀጭኑ ሽቦ ያንን ቦታ ከያዘ፣ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ኦም ሕግ እስከ ስንተኛው አሃዝ እንደሚገጥም መፈተሽ ይቻላል። ለጊዜው የ2022ዎቹ ደረጃዎች ጫፋቸው የደበዘዘ ነው፤ ለጥ ያሉ አይደሉም። አንዱ ምክንያት ሽቦውን ከውጭው ለመነጠል አጠገቡ የሚቀመጡት ትልልቅ ሬዚስተሮች ናቸው። ከረንት ሲያልፍባቸው ይሞቃሉ፤ ሙቀቱም ደረጃውን ያደበዝዘዋል። አሁን ያለው ትግል ሬዚስተሮቹን ሳያሞቁ ማቆየት ላይ ነው።